የመሣሪያ ኃይልና የጨዋታ አዘጋጆች ድጋፍ

ስለ ቪዲዮ ጨዋታ መሣሪያዎች ታሪክ ሲነገር፣ ኃይለኛውን መሣሪያ የሠራ ኩባንያ ገበያውን ያሸንፋል የሚል አስተያየት ብዙ ጊዜ ይሰማል። እኛ ግን ከ1994 ጀምሮ በሦስት የጃፓን ኩባንያዎች መካከል የተደረገውን ውድድር ስንመረምር፣ ይህ አስተያየት ግማሽ እውነት ብቻ ሆኖ አገኘነው። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

አስቀድሞ የነገሩን መነሻ መመልከት ያስፈልጋል። በመጀመሪያ ጊዜ ጨዋታዎቹን የሚያዘጋጀው የመሣሪያው ባለቤት ራሱ ነበር። በ1979 ግን ከአታሪ የወጡ ጥቂት ፕሮግራም ጸሐፊዎች ከሌሎች ጋር ሆነው አክቲቪዥን የተባለውን ኩባንያ አቋቋሙና ለቀድሞው አሠሪያቸው መሣሪያ ጨዋታ ማዘጋጀት ጀመሩ። ከዚያ ወዲህ የአንድ መሣሪያ ዕድል በእንደነዚህ ያሉ ነጻ አዘጋጆች ፈቃድም የሚወሰን ሆነ።

በ1994 መጨረሻ ሴጋ ሳተርንን፣ ሶኒ ደግሞ ፕሌይስቴሽንን በጃፓን ለገበያ አቀረቡ። ሳተርን ሁለት ዋና ፕሮሰሰሮችና ሁለት የሥዕል ፕሮሰሰሮች ነበሩት። በወረቀት ላይ ሲታይ ኃይሉ ብዙ ነው። ነገር ግን ሁለቱ ዋና ፕሮሰሰሮች በአንድ የማስታወሻ መሥመር ይጠቀሙ ስለ ነበረ፣ አንዱ ሲጠቀም ሌላው ተራውን መጠበቅ ነበረበት። ሥራውን ለሁለቱ አከፋፍሎ መጻፍም ብዙ ጊዜና ልምድ ይጠይቅ ነበር። ፕሌይስቴሽን ግን አንድ ዋና ፕሮሰሰር ብቻ ነበረው፤ ሶኒም በሲ ቋንቋ የሚሠራባቸውን ዝግጁ የፕሮግራም ክፍሎች ለአዘጋጆቹ ሰጠ።

በ1996 የወጣው ኒንቴንዶ 64 በፍጥነት ይበልጥ ነበር፤ ይኸውም የፕሮሰሰሩ ፍጥነት 93.75 ሜጋኸርዝ ሲሆን፣ የፕሌይስቴሽኑ ግን 34 ያህል ነበር። ሆኖም ኒንቴንዶ ካርትሪጅን አልተወም። ካርትሪጅ ፈጥኖ ይነበባል፣ ለመገልበጥም ያስቸግራል፤ ነገር ግን ለማምረት ውድ ነው። ትልቁ ካርትሪጅ 64 ሜጋባይት ሲይዝ፣ አንድ ሲዲ 650 ያህል ይይዛል። ስለዚህ ስኩዌር የተባለው ኩባንያ፣ ስድስቱን ዋና የፋይናል ፋንታሲ ጨዋታዎች በመጀመሪያ ለኒንቴንዶ መሣሪያዎች አውጥቶ ሳለ፣ ሰባተኛውን በ1997 በሦስት ሲዲ ለፕሌይስቴሽን አወጣ።

ውጤቱ ግልጽ ነው፤ ፕሌይስቴሽን ከ102 ሚሊዮን በላይ፣ ኒንቴንዶ 64 ወደ 33 ሚሊዮን፣ ሳተርን 9 ሚሊዮን ያህል ተሸጡ።

እርግጥ ነው፣ ዋጋም ድርሻ ነበረው፤ በ1995 በአሜሪካ ሳተርን 399፣ ፕሌይስቴሽን 299 ዶላር ነበሩ። ከዚህም ሌላ በ2006 የወጣው የኒንቴንዶ ዊ፣ ምንም እንኳ ከተወዳዳሪዎቹ በኃይል ቢያንስ፣ በይበልጥ በባለቤቱ በራሱ ጨዋታዎችና በእጅ እንቅስቃሴ በሚሠራው መቈጣጠሪያው ከ100 ሚሊዮን በላይ ተሸጧል። ስለዚህ የአዘጋጆች ድጋፍ ብቻውን ሁሉን ይወስናል አንልም።

በእኛ አስተያየት ግን ከዚህ ታሪክ የሚገኘው ትምህርት ይህ ነው፤ ፋብሪካው ያላቀለለውን ችግር የሚሸከመው አዘጋጁ ነው፤ አዘጋጁም ሸክሙ የሚቀልበትን ቦታ ይመርጣል። ሴጋ ራሱ በ2001 መሣሪያ መሥራቱን ትቶ፣ ለቀድሞ ተወዳዳሪዎቹ መሣሪያዎች ጨዋታ ከሚያዘጋጁት አንዱ ሆነ።