አንድ ሕግና ሁለት አንባቢ

የ1987ቱን ሕገ መንግሥት የመተርጐም ሥልጣን በአንቀጽ 62 ለፌዴሬሽን ምክር ቤት ተሰጥቷል። ይህ ምክር ቤት በሰኔ 2012 ዓ.ም. በኮሮና በሽታ ምክንያት የመንግሥቱን ዘመን አራዘመ፤ አፈ ጉባኤዋ ወይዘሮ ኬሪያ ኢብራሂም ግን አስቀድመው ሥራቸውን ለቀው ነበር። እንግዲህ አዲስ አበባ 62ኛውን ስታነብ፣ ዘመኑ አምስት ዓመት ነው የሚለውን 58ኛውን ቸል አለችው። መቀሌም በበኩሏ ራስን በራስ ማስተዳደርን የሚፈቅደውን 39ኛውን ይዛ ጳጉሜን 4 ቀን የራሷን ምርጫ አደረገች፤ የክልልም ምርጫ ቢሆን የብሔራዊ ምርጫ ቦርድ ሥራ ነው የሚለውን 102ኛውን ዘለለችው። (ሁለቱም ሕግ አክባሪ ነን ይሉ ነበር!) በጥቅምት 2013 ዓ.ም. ጦርነት ተነሣ። በኅዳር 2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ይፋት ቆላ ወርዶ ሸዋ ሮቢት ሲገባ፣ አንቀጽ ቈጥሮ የማያውቀው የከተማችን ሰው ልጁን አዝሎ በጣርማ በር ዳገት ወደ ደብረ ብርሃን ሸሸ።