ቤዛ ልባጥ፦ ዚንክ ስለ ብረት የሚከፍለው

ቆርቆሮ ጣሪያ ሲመታ ሚስማሩ ልባጡን ቀዶ ያልፋል፤ በቀዳዳው ዳር ብረቱ ራቁቱን ይቀራል። ያም ሆኖ ዝገቱ ከዚያ ተነስቶ ጣሪያውን ወዲያው አይበላውም። ይህን የሚያደርገውን መሐንዲሶች «ሳክሪፊሻል ኮቲንግ» ይሉታል። እኛ «ቤዛ ልባጥ» ብንለው ይስማማል፤ ቤዛ በሌላው ፋንታ ራሱን የሚሰጥ ነውና።

ቤዛው ዚንክ ነው፤ ወደ ሰማያዊ የሚያደላ ነጭ ብረታ ብረት፣ አቶማዊ ቁጥሩ 30። ኤሌክትሮኖቹን ከብረት ይልቅ በቀላሉ አሳልፎ ይሰጣል። ስለዚህ ሁለቱ ተነካክተው እርጥበት ሲያገኛቸው የሚበላው ዚንኩ ነው፤ ብረቱ አጠገቡ ዚንክ እስካለ ድረስ ይተርፋል። ቀለም ይህ ጠባይ የለውም። አንዴ ከተጫረ ዝገቱ በሥሩ እየሰረገ ይልጠዋል።

አለባበጡ ቀላል ነው። ፈረንሳዊው ስታኒስላስ ሶሬል በ1837 እ.ኤ.አ. የፈጠራ መብት ባገኘበት ዘዴ፣ የጸዳ ብረት በቀለጠ ዚንክ ውስጥ ይነከራል፤ ሙቀቱ 450 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ነው። ችግሩ ዚንክ በ907 ዲግሪ ፈልቶ መትነኑ ነው፤ የብየዳ እሳት ደግሞ ከዚያ እጅግ ይበልጣል። የተለበጠ ቱቦ ሲበየድ የሚወጣውን ነጭ ጢስ የሳበ በያጅ ማታ ብርድ ብርድ ይለዋል፣ ትኩሳት ይይዘዋል፤ ጉንፋን መስሎት ይተኛል። ወተት መጠጣት መከላከያ አይሆነውም። ልባጡን አስቀድሞ መፋቅና ነፋስ ባለበት መበየድ ይሻላል።

ዚንክ ሌላም ቦታ አለ። ከመዳብ ጋር ተዋሕዶ ናስ ይሆናል። የርካሹ ባትሪ ድንጋይ ቆርቆሮም ዚንክ ነው፤ ኃይል በሰጠ ቁጥር እየተበላ ይሳሳል፣ ድንጋዩ ሲያረጅ የሚያፈሰውም ለዚህ ነው። ተቅማጥ ለያዘው ሕፃን ከኦ አር ኤስ ጋር ከ10 እስከ 14 ቀን የሚሰጠው ክኒን የዚንክ ጨው ነው። በዚንክ የተለበጠ ባልዲ ውስጥ ግን የሎሚ ጭማቂና ሌላ ጎምዛዛ ነገር አይቀመጥም፤ አሲዱ ዚንኩን ያሟሟዋል።

ቆርቆሮ ስትገዙ ጌጁን ብቻ ጠይቃችሁ አትመለሱ። ጌጅ የሚናገረው ስለ ውፍረት ነው። ልባጡ የሚለካው በግራም ነው፦ «ዜድ 275» ማለት በአንድ ካሬ ሜትር፣ የሁለቱም ገጽ ተደምሮ፣ 275 ግራም ዚንክ ማለት ነው። ሻጩ ቁጥሩን ካላወቀው የፋብሪካውን ወረቀት እንዲያሳያችሁ ጠይቁት።