አጫሽነት፣ ነውርና ይሉኝታ

አጫሽን ማግለል በወንድና በሴት ላይ እኩል አይከብድም። የደቡብ ኮሪያ ተሞክሮ ይህን በቁጥር ያሳያል። እ.ኤ.አ. በ2008 በተካሄደ አገር አቀፍ የጤና ጥናት «አጨሳለሁ» ያሉት ሴቶች 5.9 በመቶ ነበሩ፤ ሽንታቸው ሲመረመር ግን ኒኮቲን በሰውነት ውስጥ ሲፈርስ የሚተወው ኮቲኒን ቁጥሩን ወደ 13.9 በመቶ ከፍ አደረገው። ወንዶቹ በአንደበታቸው 44.7፣ በምርመራ 50 በመቶ ሆነው ተገኙ። ከሚያጨሱት ሴቶች ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ደብቀዋል ማለት ነው።

ሶሺዮሎጂስቱ ኤርቪንግ ጎፍማን እ.ኤ.አ. በ1963 ባሳተመው መጽሐፍ ነውርን የሚፈልገው በሰዎች ግንኙነት ውስጥ ነው። ነውሩ ገና ያልታወቀበት ሰው ዋና ሥራው ስለ ራሱ የሚወራውን መቆጣጠር ነው። አማርኛ ለዚህ ኑሮ ይሉኝታ የሚል ቃል አለው። በድብቅ የምታጨስ ሴት ሽንት ቤት ገብታ መስኮት ትከፍታለች፤ ጣቷን በሎሚ ታሻለች፣ ማስቲካ ታኝካለች፣ ነጠላዋን አራግፋ ሽቶ ትረጫለች። ወንዱ ጫማውን እያስጠረገ በአደባባይ ያጨሳል፤ ቢበዛ ሱሰኛ ይባላል፣ ታላቁን ሲያይ ሲጋራውን መዳፉ ውስጥ ይሸሽጋል። በእሷ ላይ ግን ወሬው ከሲጋራው አልፎ ወደ ሥነ ምግባሯ ይሄዳል፤ «አሳዳጊ የበደላት» ትባላለች።

ነውሩ ግን በሁሉም ዘንድ አንድ ዓይነት አይደለም። በምዕራብ ኢትዮጵያ በአንዳንድ ማኅበረሰቦች ጋያ በሚባለው ባህላዊ የትምባሆ ማጨሻ የሚያጨሱ ሴቶች የሚሸሸጉበት ምክንያት የላቸውም።

እ.ኤ.አ. በ2016 በኢትዮጵያ የተደረገው የአዋቂዎች የትምባሆ ጥናት 6.2 በመቶ ወንዶችና 1.2 በመቶ ሴቶች እንደሚያጨሱ መዝግቧል። መረጃው የተሰበሰበው ቤት ለቤት በቃል ጥያቄ ስለሆነ የሴቶቹ ቁጥር ከእውነቱ ማነሱ አያስገርምም።

መደበቅ ሱስን አያስቀርም። የደበቀች ነፍሰ ጡር ለሐኪሟ አትናገርም፤ ያልተነገረው ሐኪምም ለማቆም የሚረዳትን ምክር አይሰጣትም። ወንዶችም ከነውሩ አያመልጡም። እ.ኤ.አ. በ2004 በብሪታንያ 45 የሳንባ ካንሰር ሕሙማንን ያነጋገረ ጥናት፣ ብዙዎቹ «በራስህ ላይ ያመጣኸው ነው» የሚል ወቀሳ እንደሚሰማቸው፣ አጭሰው የማያውቁትም እንዳልተረፉ አሳይቷል።

በኢትዮጵያ አዋጅ ቁጥር 1112/2011 በሕዝብ መገልገያ ሕንፃዎች ውስጥ ማጨስን ከልክሏል። አዋጁ የከለከለው ጭሱን ነው፤ ሰውየውን ወይም ሴትዮዋን አላዋረደም። የጤና ባለሙያም «ታጨሻለሽ?» ብሎ ሲጠይቅ ቁጣ ሊኖርበት አይገባም፤ እውነተኛ መልስ የሚገኘው ያለ ቁጣ ሲጠየቅ ነው።