ካብላኑ ተቀየረ፣ መጥረጊያው ግን ያው ነው

እናቴ ቁም ሳጥን ውስጥ፣ ከነጠላዎቿ ሥር፣ አንድ ያረጀ ፌስታል አለ። ፌስታሉ ውስጥ የ14 ዓመት ትሉሾች፣ ማለትም የደመወዝ ወረቀቶች፣ ተጣጥፈው ተቀምጠዋል። ከ2001 እስከ 2015 በከተማችን አንድ ትምህርት ቤት ስታጸዳ የተሰጧት ናቸው። አንዱንም አልጣለችም። አንዱንም ግን ራሷ አላነበበችም፤ ማንበብ የእኔ ሥራ ነበር።

በ2023 ለማስተርስ ሴሚናር ስለ እስራኤል የሠራተኛ ሕግ ታሪክ መጻፍ ስጀምር ያ ፌስታል ትዝ አለኝ። ሳሎኑ ምንጣፍ ላይ ወረቀቶቹን በየዓመታቸው ደረደርኳቸው። እናቴ ቡና እያፈላች «ደግሞ ምን ልትፈልጊ ነው?» አለችኝ። ምን እንደምፈልግ እኔም በደንብ አላውቅም ነበር። ያገኘሁትን ነገር ግን ለእናንተ፣ እዚህ ተወልዳችሁ ለወላጆቻችሁ ደብዳቤ እያነበባችሁ ላደጋችሁት፣ መንገር አለብኝ። ታሪኩ የእናቴ ብቻ አይመስለኝም። (ዓመቶቹን በሙሉ የምጽፈው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው።)

ከአያቴ ልጀምር። አያቴ ጎንደር፣ ወገራ ውስጥ ያርሱ ነበር፤ በበጋ ደግሞ ማረሻና ማጭድ ይቀጠቅጣሉ። ቤተ እስራኤል የርስት መብቱን ያጣበት ዘመን በታሪክ ከ15ኛው ክፍለ ዘመን፣ ከአፄ ይስሐቅ ጋር ይያያዛል። ከዚያ በኋላ ብዙዎቹ የሰው መሬት እያረሱ፣ ከምርቱ ለባለ መሬቱ እየከፈሉ፣ በጎን በብረት፣ በሸክላና በሽመና ሥራ ኖረዋል። ደርግ በ1975 የገጠር መሬትን የሕዝብ አድርጎ የጭሰኝነትን ሥርዓት እስኪያፈርስ ድረስ የአያቴም ኑሮ ይኸው ነበር።

ያ ሥርዓት ፍትሕ አልነበረውም። ግን አንድ ነገር ነበረው፤ በዓይን ይታያል። እናቴ ስትነግረኝ፣ እህሉ ተወቅቶ አውድማው ላይ ሲከመር፣ ለባለ መሬቱ ስንት እንደሄደ፣ ለቤት ስንት እንደቀረ ሕፃን ልጅ እንኳ ያውቅ ነበር። ውል የሚባለው ቃል ነው፤ ማስረጃው ሽማግሌ ነው። አያቴ ፊደል አልቆጠሩም፤ ሲበደሉ ግን በስንት ቁና እንደተበደሉ ያውቁታል።

እናቴ በግንቦት 1991 በዘመቻ ሰለሞን፣ በ36 ሰዓት ውስጥ ከመጡት ከ14,000 በላይ ሰዎች አንዷ ሆና ስትገባ፣ የመጣችበት አገር የሠራተኛ ሕግ ድሃ አልነበረም። እንዲያውም ሀብታም ነበር። መንግሥቱ ከተመሠረተ ከሦስት ዓመት ገደማ በኋላ ነው በ1951 የሥራና የዕረፍት ሰዓት ሕግ እና የዓመት ፈቃድ ሕግ የወጡት። በ1958 የደመወዝ ጥበቃ ሕግ፣ በ1963 የስንብት ክፍያ (ፒጹዪም) ሕግ ተከተሉ። በ1969 ደግሞ ለሠራተኛ ጉዳይ ብቻ የሚያገለግል ፍርድ ቤት፣ ቤት ዲን ላአቮዳ፣ በሕግ ተቋቋመ።

እነዚህ ሕጎች ሲጻፉ በሕግ አውጪዎቹ አእምሮ ውስጥ የነበረው ሠራተኛ ግን የተወሰነ ዓይነት ሰው ነው። አንድ ፋብሪካ ይገባል፣ እዚያው ያረጃል። ቫአድ፣ የሠራተኞች ኮሚቴ፣ አለው። ከቫአዱ በስተጀርባ በ1920 የተመሠረተው ሂስታድሩት አለ። ያ ሠራተኛ ትሉሹን ማንበብ ባይችል እንኳ የሚያነብለት ሰው በዚያው ፎቅ ላይ ተቀምጧል።

ወላጆቻችን የመጡት ይህ ዓለም መፍረስ ሲጀምር ነው። የቀኖቹን ቅርበት እዩልኝ። ዘመቻ ሙሴ የተቋረጠው በጥር 1985 ነው። በዚያው ዓመት በሐምሌ መንግሥት የዋጋ ንረቱን ለመግታት የኢኮኖሚ ማረጋጊያ ዕቅድ አወጣ። ከዚያ በኋላ በነበሩት ዓመታት የመንግሥት ድርጅቶች እየተሸጡ፣ መሥሪያ ቤቶች የጽዳትና የጥበቃ ሥራን ለካብላን፣ ለሥራ ተቋራጭ፣ እየሰጡ ሄዱ። ትምህርት ቤቱ እናቴን አልቀጠራትም፤ ካብላን ቀጠረ፣ ካብላኑ እናቴን ቀጠረ። ቫአድ የለ፣ ፎቅ ላይ የሚያነብላት ሰው የለ።

መንግሥት ዝም አላለም። የ1987 የዝቅተኛ ደመወዝ ሕግ ወጣ። በ1996 የሰው ኃይል አቅራቢ ካብላኖችን የሚመለከት ሕግ ወጣ፤ በ2000 በተደረገለት ማሻሻያ በካብላን በኩል የተቀጠረ ሠራተኛ ከ9 ወር በኋላ የዋናው አሠሪ ሠራተኛ እንዲሆን ተወሰነ። አፈጻጸሙ ግን ሲገፋ ሲገፋ እስከ 2008 ደረሰ። ያም ሆኖ ይህ የሚመለከተው የሰው ኃይል አቅራቢውን ነው። እናቴን የመሰሉት የጽዳት ሠራተኞች ደግሞ «አገልግሎት ሰጪ» በሚባል ካብላን ሥር ነበሩ።

በ2002 አሠሪ ለአዲስ ሠራተኛ የሥራውን ሁኔታ በ30 ቀን ውስጥ በጽሑፍ እንዲያሳውቅ የሚያስገድድ ሕግ ወጣ። ከጥር 2008 ጀምሮ ጡረታ፣ ፔንሲያ፣ ለሁሉም ሠራተኛ ግዴታ ሆነ፤ በጠቅላላው ከደመወዙ በ2.5 ከመቶ ጀምሮ ቀስ በቀስ እያደገ በ2017 18.5 ከመቶ ደረሰ። በ2009 ትሉሹ ራሱ ተለወጠ፦ አሠሪው የሰዓቱን፣ የፈቃዱን፣ የተቀነሰውንና የተከፈለውን ዝርዝር እንዲጽፍ ሕግ አስገደደው። በኅዳር 2011 እና በየካቲት 2012 ሂስታድሩት ስለ ካብላን ሠራተኞች አጠቃላይ አድማ መታ። በ2012 ደግሞ የሠራተኛ ሕግ አፈጻጸምን የሚያጠብቅ ሕግ ሥራ ላይ ዋለ፤ በጽዳት፣ በጥበቃና በምግብ አቅርቦት ሥራ አገልግሎቱን ያዘዘው መሥሪያ ቤትም ተጠያቂ የሚሆንበትን መንገድ ከፈተ።

በእናቴ ፌስታል ውስጥ ይህ ታሪክ በዓይን ይታያል። የ2001ዱ ትሉሽ አጭርና ስስ ነው። የ2009ኙ ረጅም ነው፤ ሠንጠረዥ በሠንጠረዥ። መንግሥት እናቴን ለመጠበቅ ያደረገው ነገር ሁሉ በወረቀቱ ላይ መስመር ጨመረ። በዕብራይስጥ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልናገር። ከዐሥር ዓመቴ ጀምሮ ትሉሹን የማነብላት እኔ ነበርኩ። ወር በገባ በዘጠነኛው ወይም በዐሥረኛው ቀን ታመጣዋለች፣ «ልጄ፣ ይቺን እያት» ትላለች። እኔም ዓይኔን ወደ ታች አወርድና ኔቶ የሚለውን ቁጥር እነግራታለሁ። «ይኸው ነው?» ትላለች። «ይኸው ነው» እላለሁ። ውጭ ጓደኞቼ ይጠብቁኛል። ደግሞም፣ እውነቱን ለመናገር፣ አፍር ነበር። ያ ወረቀት እናቴ የክፍል ጓደኞቼ የሚጠቀሙበትን ሽንት ቤት እንደምታጸዳ የሚመሰክር ወረቀት ነው። ከላይ ያሉትን መስመሮች አንድም ቀን አላነበብኩላትም።

ምንጣፉ ላይ ስደረድራቸው ያየሁት ይህን ነው። በ14 ዓመት ውስጥ የካብላኑ ስም አራት ጊዜ ተጽፏል፤ በየሦስትና አራት ዓመቱ አዲስ ስም። ሕንፃው ያው፣ ኮሪደሩ ያው፣ የመጥረጊያ ማስቀመጫዋ ጓዳም ያው። ስሙ በተቀየረ ቁጥር ግን «ሥራ የጀመረችበት ቀን» የሚለው መስመርም ይቀየራል። የፈቃድ ቀኗ ወደ መጀመሪያው ዓመት ይመለሳል። በ2015 ጉልበቷ አልታዘዝ ብሎ ስትወጣ ፒጹዪም የተሰላላት ለመጨረሻዎቹ ሦስት ዓመታት ብቻ ነው።

መጀመሪያ የመሰለኝ የሕግ ክፍተት ነው። ካብላን ዘመናዊ ዘዴ ነው፣ ሕጉ አላወቀበትም ብዬ አሰብኩ። ከዚያ ወደ ቤተ መጻሕፍት ሄጄ አሮጌዎቹን ሕጎች አነበብኩ። የ1951ዱ የዓመት ፈቃድ ሕግ ዓመታትን ሲቆጥር «በአንድ አሠሪ ዘንድ ወይም በአንድ የሥራ ቦታ» ይላል። የ1963ቱ የስንብት ክፍያ ሕግም በመጀመሪያው አንቀጹ እንዲሁ ይላል። ወይም በአንድ የሥራ ቦታ! አሠሪው ቢቀየር ሠራተኛው እዚያው ቦታ ከቀጠለ ቆጠራው ከዜሮ አይጀምርም ማለት ነው። የትኛው ካብላን ስንቱን ይከፍላል የሚለው ፍርድ ቤት የሚያከራክር ጉዳይ ነው፤ ዓመታቱ ግን የእሷ ናቸው። በ1951ዱ ሕግ በመጀመሪያዎቹ አራት ዓመታት ፈቃድ 14 ቀን ነበር፤ በሰባተኛው ዓመት ግን 21፣ ከዚያም እየጨመረ እስከ 28 ይደርሳል። እናቴ ሰባተኛ ዓመቷን በወረቀት ላይ አንድም ቀን አላየችውም።

እናቴ ያልተወለደችበት ዘመን የተጻፉ ሁለት ቃላት ይጠብቋት ነበር። የሚነግራት ብቻ ነው የጠፋው። ለስንብት ክፍያ ጥያቄ ያለው የይርጋ ጊዜ ደግሞ 7 ዓመት ነው። ከ2015 ሰባት ቆጠርኩ። 2022። እኔ ፌስታሉን የከፈትኩት በ2023 ነው።

መንግሥት የቋንቋውን ችግር አያውቀውም ማለት አይቻልም። የውጭ ሠራተኞችን የሚመለከተው ሕግ አሠሪው ለውጭ ሠራተኛ በሚገባው ቋንቋ የተጻፈ ውል እንዲሰጥ ያስገድዳል። የሸማቾች ጥበቃ ሕግም፣ በ1981 የወጣው፣ በጊዜ ብዛት ይህን ተምሯል። በ2016 በተደረገ ማሻሻያ በስልክ ወይም በመሳሰለው መንገድ ተነጋግሮ ዕቃ ወይም አገልግሎት የገዛ አካል ጉዳተኛ፣ 65 ዓመት የሞላው ሰው ወይም አዲስ ስደተኛ (ኦሌ ሐዳሽ) ግዢውን ለመሰረዝ እንደሌላው ሰው 14 ቀን ሳይሆን አራት ወር ተሰጥቶታል። ሕጉ «ይህ ሰው ፈጣን ዕብራይስጥ ሲወርድበት እሺ ሊል ይችላል፤ ጊዜ እንስጠው» እያለ ነው። ጥሩ ሐሳብ ነው። ግን አዲስ ስደተኛ የሚባለው የኦሌ ወረቀቱን ካገኘ አምስት ዓመት ያልሞላው ነው። እናቴ ከ30 ዓመት በላይ ኖራለች፤ በሕጉ ዓይን አዲስ አይደለችም። በስልክ «ኬን፣ ኬን» ስትል የሰማት ሰው ግን እውነቱን ያውቃል።

እንግዲህ ለሴሚናሩ የጻፍኩት ይህንን ነው፦ በዚህ አገር የሠራተኛ መብት ታሪክ ሁለት ታሪክ ነው። አንዱ ሕጉ የወጣበት ቀን፤ ሌላው ሕጉ አንድ ቤት የደረሰበት ቀን። በመጽሐፍ የሚጻፈው የመጀመሪያው ነው። በሁለቱ መካከል ያለውን ርቀት በእኛ ቤት የሚያቋርጠው ብዙ ጊዜ ጠበቃ ወይም ቫአድ አልነበረም፤ የዐሥር ዓመት ልጅ ነው። ልጅ ላይ መጣል ያልነበረበት ሸክም ነው፤ ለራሴም ይህን እነግረዋለሁ። ግን አሁን ልጆች አይደለንም።

ለእናቴ የነገርኳት ቡናው ሁለተኛ ላይ ሲደርስ ነው። ትቆጣለች ብዬ ፈርቼ ነበር፤ በእኔ። ዝም ብላ ቆየችና የ2008ቱን ትሉሽ አንስታ ገለበጠችው። «አባቴ ቢሆን ቁናውን ይቆጥር ነበር» አለች። ከዚያ «ያለፈው አልፏል» አለችና ስኒዎቹን አነሳች። እኔ ነገሩ በዚያ ያበቃ መስሎኝ ነበር።

በሚቀጥለው ዓርብ ጠዋት በሩ ተንኳኳ። ከእናቴ ጋር ታጸዳ የነበረች፣ «አክስቴ» እያልኩ ያደግኩባት ሴት ናት። በእጇ ፌስታል ይዛለች። ከኋላዋ ሁለት ሌሎች ሴቶች፣ እነሱም በየፌስታላቸው። እናቴ ደውላላቸው ኖሯል። የአክስቴን ትሉሾች ምንጣፉ ላይ ደረደርን። ከሥራ የወጣችው በ2019 ነው። ካብላኗ ሦስት ጊዜ ተቀይሯል፣ ትምህርት ቤቱ ያው ነው፣ ሰባቱ ዓመት ገና አልሞላም። ለኢትዮጵያውያን የሕግ ድጋፍ ከሚሰጠው፣ በ2000 ከተመሠረተው «ተቤካ» እና በ1991 ከተመሠረተው «ካቭ ላኦቬድ» ስልክ ፈልጌ ጻፍኩላት። እሁድ ጠዋት አብረን ደወልን።

የዚያን ዕለት ግን ከላይ ጀምሬ፣ መስመር በመስመር፣ በአማርኛ አነበብኩላት። ሦስት ሰዓት ፈጀ። ኔቶው ላይ ስንደርስ አክስቴ እጄን ይዛ «እሱንስ አውቀዋለሁ» አለችኝ።