የሮተር ክንፎችን ማመጣጠን

የሮተር ክንፎችን ማመጣጠን የሚባለው፣ በሄሊኮፕተር አናትና ጅራት ላይ የሚዞሩት ክንፎች ሲሽከረከሩ ወደ አንድ ወገን እንዳይጎትቱ ትንንሽ ክብደቶችን እየጨመሩ ወይም እየቀነሱ የማስተካከል ሥራ ነው። በአቪዬሽን ባለሙያዎች ዘንድ «ሮተር ባላንሲንግ» የሚባለው ይኸው ነው። የሚጨመረው ቁራጭ ማመጣጠኛ ክብደት ይባላል። ሮተር የሚለው ቃል መሐል ላይ ያለውን እምብርት ከነክንፎቹ ስለሚጠቀልል እንዳለ ተወስዷል፤ ክንፍ ሲባል ደግሞ ከእምብርቱ ወደ ውጭ የተዘረጋው እያንዳንዱ ረጅም ምላስ ነው።

ጎሚስታ ቤት ጎማ ያስገጠመ ሰው የሥራውን መርህ ያውቀዋል። ጎማው በማሽን ላይ ይሽከረከራል፣ ማሽኑ የከበደበትን ወገን ያሳያል፣ ሠራተኛው በትይዩው የቸርኬው ጠርዝ ላይ ትንሽ እርሳስ ይሰካል። በሄሊኮፕተር ላይ ልዩነቱ የሮተሩ ስፋትና የስህተቱ ዋጋ ነው። ባላንሱ የተዛባ ጎማ መሪ ያንቀጠቅጣል፤ ሚዛኑ የተዛባ ሮተር ግን የተሸከመውን አካል ሁሉ፣ ማርሽ ሳጥኑን፣ መቆጣጠሪያ ዘንጎቹን፣ የመለኪያ ሰሌዳውንና አብራሪውን ጭምር በየዙሩ ይወዘውዛል።

ጥቂት ግራም ይህን ያህል የሚከብደው በሽክርክሪት ምክንያት ነው። ማንኛውም የሚዞር አካል ከመሐል ወደ ውጭ ይጎትታል። የጉተታው መጠን ከክብደቱና ከመሐል ካለው ርቀት ጋር አብሮ ያድጋል፤ ከፍጥነቱ ጋር ግን እጥፍ በእጥፍ ነው፦ ፍጥነቱ ሁለት እጥፍ ሲሆን ጉተታው አራት እጥፍ ይሆናል። ቤል 206 የተባለውን ሁለት ክንፍ ያለው ሄሊኮፕተር እንውሰድ። የዋናው ሮተር ስፋት ከጫፍ እስከ ጫፍ 10 ሜትር ያህል ነው፤ በደቂቃ 394 ጊዜ ይዞራል። በአንደኛው ክንፍ ጫፍ ላይ ብቻ 10 ግራም ቢጨመር፣ ያቺ 10 ግራም ሮተሩ በሙሉ ፍጥነት ሲዞር ወደ 9 ኪሎ ግራም የሚጠጋ ዕቃ የሚስበውን ያህል ወደ ውጭ ትስባለች። የሚስበው ኃይል ደግሞ ከክንፉ ጋር አብሮ ስለሚዞር፣ የሄሊኮፕተሩ አካል በሰከንድ ስድስት ተኩል ጊዜ ያህል ወደ ግራና ወደ ቀኝ ይወዛወዛል። ሮተሩ በሚዛን ላይ ነው የሚባለው የክንፎቹ ጉተታ እርስ በርሱ ሲጣፋ ነው።

ክንፎች ከፋብሪካ ሲወጡ ተመጣጥነው ነው። ሚዛናቸውን የሚያጡት በአገልግሎት ዘመናቸው ነው። አሸዋና ዝናብ የፊተኛውን ጠርዝ ይበላዋል፤ አቧራማ ሜዳ ላይ የሚያርፍ ሄሊኮፕተር ይህን ቶሎ ያያል። የተላጠ ቀለም ሲታደስ፣ ጠርዙን ከመበላት የሚጠብቀው ተለጣፊ ሲቀየር፣ የተጎዳ ቦታ ሲጠገን ግራሞች ይጨመራሉ ወይም ይቀነሳሉ። አንዳንድ ክንፍ ጫፉ ላይ የውሃ ማፍሰሻ ቀዳዳ አለው፤ ቀዳዳው ከተደፈነ የተጠራቀመው ውሃ ሚዛኑን የሚያዛባው በጣም በሚጎዳው ቦታ፣ ማለትም ከመሐል እጅግ ርቆ ነው።

ማመጣጠን በሁለት ደረጃ ይሠራል። የመጀመሪያው የቆመ ሚዛን ነው፤ ክንፉ ከሄሊኮፕተሩ ወርዶ በወርክሾፕ ውስጥ የሚከናወን ነው። እዚህ ላይ የሚለካው የክንፉ ጠቅላላ ክብደት ብቻ አይደለም። ሁለት ክንፎች በሚዛን ላይ እኩል ሊመዝኑ ይችላሉ፤ አንደኛው ግን ክብደቱ ወደ ጫፉ ካደላ ሲዞር ከሌላው በላይ ይጎትታል። ስለዚህ የሚነጻጸረው ክብደቱ በርቀቱ ተባዝቶ የሚገኘው መጠን ነው፤ ጫፍ ላይ ያለች 10 ግራም፣ ርቀቱ አንድ አሥረኛ በሆነ ቦታ ላይ ካለች 100 ግራም ጋር እኩል ናት። ክንፉ በስፋቱም ይመረመራል። የክብደት ማዕከሉ ከፊተኛው ጠርዝ የስፋቱን ሩብ ያህል ርቆ በሚገኘው መስመር አካባቢ እንዲውል ይደረጋል። ማዕከሉ ከዚያ ወደ ኋላ ካፈገፈገ ክንፉ በአየር ውስጥ የመርገብገብ አደጋ ያገኘዋል። ብዙ ክንፎች በፊተኛው ጠርዛቸው ውስጥ ከባድ ብረት የሚቀበርባቸው በዚህ ምክንያት ነው፤ ይህ ክብደት የፋብሪካው ድርሻ ስለሆነ በሜዳ ላይ አይነካም።

ሁለተኛው ደረጃ የዙር ሚዛን ነው። ክንፎቹ ተገጥመው፣ ሞተሩ ተነስቶ፣ ሮተሩ በሥራ ፍጥነቱ እየዞረ የሚለካ ነው። በወርክሾፕ የተመጣጠኑ ክንፎች እምብርት ላይ ሲገጠሙ የእምብርቱ፣ የቡሎኖቹና የማያያዣዎቹ ጥቃቅን ልዩነት ይጨመርባቸዋል፤ ስለዚህ የቆመው ሚዛን የዙሩን ሥራ ያቀለዋል እንጂ አይተካውም።

ከዙር ሚዛን በፊት ግን የሚቀድም ሌላ ሥራ አለ፤ ዱካ ማስተካከል ይባላል። የክንፎቹ ጫፎች በዞሩ ቁጥር አንዱ በሌላው ዱካ ላይ መሄድ አለባቸው። አንደኛው ከፍ፣ ሌላው ዝቅ ብሎ የሚዞር ከሆነ ችግሩ የክብደት ሳይሆን የአየር ግፊት ነው፤ ከፍ ያለው ክንፍ ከድርሻው በላይ እየተሸከመ ነው። ሁለቱን ችግሮች የሚለየው የንዝረቱ አቅጣጫ ነው። በየዙሩ አንዴ ወደ ላይና ወደ ታች የሚያነጥር ንዝረት ባብዛኛው የዱካ መዛባት ሲሆን፣ በየዙሩ አንዴ ወደ ጎን የሚወዘውዝ የክብደት መዛባት ነው። ዱካ በክብደት አይስተካከልም። ሄሊኮፕተሩ መሬት ላይ ወይም በአየር ላይ ቆሞ ሳለ ለሚታየው ልዩነት የክንፉን የማዘንበያ ማዕዘን የሚወስነው ፒች ሊንክ የተባለው ዘንግ ይረዝማል ወይም ያጥራል፤ ወደ ፊት በሚበሩበት ጊዜ ለሚታየው ልዩነት ደግሞ በክንፉ የኋላ ጠርዝ ላይ ያለችው ትሪም ታብ የተባለች ስስ ቆርቆሮ በትንሹ ወደ ላይ ወይም ወደ ታች ትታጠፋለች።

ጥንት ዱካ የሚለካበት መንገድ ዛሬ ሲያዩት ያስደነግጣል። የእያንዳንዱ ክንፍ ጫፍ በተለያየ ቀለም ጠመኔ ወይም ሰም ይቀባል፣ አንዱ በቀይ፣ አንዱ በሰማያዊ። ቴክኒሻኑ ወጠር ያለ ጨርቅ የተዘረጋበትን ረጅም ምሰሶ ቀጥ አድርጎ ይዞ፣ ሮተሩ እየዞረ ሳለ ጨርቁን ከውጭ በኩል ቀስ አድርጎ ወደ ጫፎቹ ያስጠጋዋል። ጫፎቹ ጨርቁን ነካ ሲያደርጉት እያንዳንዱ ቀለሙን ያትማል። ምልክቶቹ ከተደራረቡ ዱካው አንድ ነው፤ ሰማያዊው ከቀዩ በላይ ካረፈ የሰማያዊው ክንፍ ከፍ ብሎ ይዞራል ማለት ነው። ዘዴው ቀላልና አስተማማኝ ነበር፣ ግን መሬት ላይ ብቻ ይሠራል፤ በበረራ ላይ ክንፉ ምን እንደሚያደርግ አይናገርም። በኋላ የካሊፎርኒያው ቻድዊክ-ሄልሙት ኩባንያ ቫይብሬክስ የተባለውን መሣሪያ አመጣ። በጫፎቹ ላይ አንጸባራቂ ምልክት ይለጠፋል፣ ከሮተሩ ዙር ጋር የተቀናጀ ብልጭ ድርግም የሚል መብራት ይበራባቸዋል፣ ምልክቶቹም ለዓይን የቆሙ ይመስላሉ። ይህ በበረራ ላይም ይሠራል። መሣሪያው ከመለመዱ የተነሳ የኩባንያው ስም በብዙ ቴክኒሻኖች አፍ የሥራው ስም እስከ መሆን ደርሶ ነበር።

ዱካው ከተስተካከለ በኋላ ወደ ክብደቱ ይገባል። ለዚህ ሁለት ነገር መታወቅ አለበት፦ ንዝረቱ ምን ያህል ነው፣ የከበደውስ በየት በኩል ነው? የመጀመሪያውን የሚመልሰው አክስለሮሜትር ነው፤ ከማርሽ ሳጥኑ አጠገብ ወይም በአብራሪው ክፍል ውስጥ ወደ ጎን አቅጣጫ ይታሰራል። ሁለተኛውን የሚመልሰው በየዙሩ አንድ ምልክት የሚልክ ማግኔታዊ ወይም ብርሃናዊ መቁጠሪያ ነው። መሣሪያው የንዝረቱን ጫፍ ከዙሩ ምልክት ጋር አነጻጽሮ አቅጣጫውን እንደ ሰዓት ቁጥር ይናገራል፣ «3 ሰዓት ላይ» «6 ሰዓት ላይ» እያለ። ይህ የሰዓት ፊት እንጂ የቀኑ ሰዓት አይደለም፤ 12 ላይኛው፣ 3 ቀኙ ነው። የንዝረቱ መጠን የሚነገረው በሰከንድ ኢንች ነው። ለብዙ ቀላል ሄሊኮፕተሮች 0.2፣ ማለትም በሰከንድ 5 ሚሊ ሜትር ያህል፣ የተለመደ ጣሪያ ነው፤ ጠንቃቃ ቴክኒሻን ግን እዚያ ሲደርስ አይቆምም፣ ከ0.1 በታች ለማውረድ ይሞክራል።

ስሌቱን በምሳሌ ማየት ይሻላል። አራት ክንፍ ያለው ሮተር በመጀመሪያው ልኬት 3 ሰዓት ላይ 0.5 አሳየ እንበል። ቴክኒሻኑ ለሙከራ በቀዩ ክንፍ ላይ 30 ግራም ይጨምርና ሮተሩን እንደገና ያዞራል፤ አሁን መሣሪያው 6 ሰዓት ላይ 0.4 አለ። ቁጥሩን ብቻ ያየ ሰው ክብደቱ ትንሽ ጠቀመ ብሎ ጥቂት ሊጨምርበት ይቃጣዋል፤ ይህ ስህተት ነው። ሁለቱን ነጥቦች በክብ ወረቀት ላይ አስፍሮ በመስመር ሲያገናኛቸው፣ 30 ግራሙ ንዝረቱን በ0.64 ያህል እንዳንቀሳቀሰው ያገኛል። ነጥቡን ወደ መሐል ለማምጣት የሚያስፈልገው ግን 0.5 ብቻ ነው፤ አቅጣጫውም ከተጓዘው በ39 ዲግሪ ያህል ይለያል። ስለዚህ ትክክለኛው ክብደት 23 ግራም ገደማ ሲሆን፣ ቦታው ከቀዩ ክንፍ 39 ዲግሪ ተዛውሮ ነው። እዚያ ላይ ክንፍ የለም። መፍትሔው ክብደቱን ለሁለት ጎረቤታም ክንፎች መክፈል ነው፦ ለቀዩ 18፣ ለሚቀጥለው 15 ግራም ያህል። ድምሩ ከ23 የበለጠው ሁለቱ ክንፎች የሚጎትቱት በተለያየ አቅጣጫ ስለሆነና ከጉተታቸው ከፊሉ ስለሚባክን ነው። ዛሬ ይህን ሁሉ ኮምፒውተር ይሠራዋል፤ ወረቀቱን መረዳት የሚጠቅመው ኮምፒውተሩ የማይመስል መልስ ሲሰጥ ነው።

ሁለት ክንፍ ብቻ ያለው ሮተር ጎረቤታም ክንፍ ስለሌለው ሌላ ዘዴ ይፈልጋል። በክንፎቹ ርዝመት አቅጣጫ ያለው መዛባት በክብደት ይታረማል፤ በስፋታቸው አቅጣጫ ያለው ደግሞ አንደኛውን ክንፍ በማያያዣው ላይ በጣም በትንሹ ወደ ኋላ በማስገፋት ይታረማል። ክንፉ ሲገፋ የሮተሩ የክብደት ማዕከል አብሮ ይንቀሳቀሳል፤ አንዲት ግራም ሳይጨመር ሚዛኑ ይለወጣል።

ክብደቱ የሚቀመጥበት ቦታ እንደ ሄሊኮፕተሩ ሥሪት ይለያያል። አንዳንዱ በክንፉ ጫፍ ላይ በክዳን የተሸፈነ ኪስ አለው፤ ክዳኑ ተፈትቶ ስስ የብረት ሳህኖች ይደረደራሉ። በቤል 206 ክንፉን ከእምብርቱ የሚያያይዘው ቡሎን ውስጡ ክፍት ስለሆነ እርሳስ ይጨመርበታል። ቦታው ለመሐል ቅርብ በመሆኑ ብዙ እርሳስ ይበላል፤ በአንጻሩ ለእጅ ይመቻል፣ ጫፍ ላይ እንደሚቀመጠውም ያለ ልክ አይሳብም። የጅራት ሮተር ባብዛኛው የሚስተካከለው ቡሎኖቹ ላይ ሮንዴላ በመጨመር ወይም በመቀየር ነው። የጅራቱ ሮተር ትንሽ ቢሆንም እጅግ ይፈጥናል፤ በቤል 206 በደቂቃ ወደ 2,500 ዙር ይጠጋል። ስለዚህ አንዲት ቀጭን ሮንዴላ ለውጧ ወዲያው ይታያል። የጅራት ሮተር ንዝረት ፈጣን በመሆኑ አብራሪው የሚያውቀው እንደ መወዝወዝ ሳይሆን በእግር መርገጫዎቹ ላይ እንደሚመጣ ነዘር ነዘር የሚል ስሜት ነው።

ክብደት የማይፈታው ንዝረትም አለ። ሮተር ፍጹም ተመጣጥኖም በየዙሩ በክንፎቹ ቁጥር ልክ ይንቀጠቀጣል፤ ሁለት ክንፍ ያለው በዙር ሁለቴ፣ የኢትዮጵያ አየር ኃይል እንደሚጠቀምበት ሚ-8 አምስት ክንፍ ያለው በዙር አምስቴ። ይህ ከሮተሩ ተፈጥሮ የሚመጣ ስለሆነ በሮንዴላ አይጠፋም። ከዚህ የሚከፋው ደግሞ ያረጀ ዕቃን በክብደት መሸፈን ነው። የላላ ፒች ሊንክ፣ የተበላ ቤሪንግ፣ ወይም ዳምፐር የተባለው የክንፉን መወዛወዝ የሚያበርድ ክፍል መድከም እንደ ክብደት መዛባት ሆኖ ሊነበብ ይችላል። ምልክቱ ልኬቱ አለመርጋቱ ነው፦ ምንም ሳይነካ ሁለቴ ሲለካ የሰዓት ቁጥሩ የሚቀያየር ከሆነ፣ ክብደት ከመጨመር በፊት ብልሽቱ መፈለግ አለበት። የአምራቹ መመሪያ ለማመጣጠኛ ክብደት ጣሪያ የሚያስቀምጠውም በዚሁ ምክንያት ነው። ጣሪያው ላይ ደርሶ ያልተስተካከለ ክንፍ ወርዶ ወደ ወርክሾፕ ይመለሳል።

ይኸው ሥራ ክንፋቸው ቋሚ በሆኑ አውሮፕላኖች ውልብልቢት ላይም ይሠራል። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በአገር ውስጥ መስመሮች የሚያበራቸው ዳሽ 8 ኪው400 አውሮፕላኖች በእያንዳንዱ ሞተር ላይ ስድስት ክንፍ ያለው ውልብልቢት አላቸው። በውልብልቢት ላይ ዱካ እንደ ሄሊኮፕተሩ አያስቸግርም፤ ስለዚህ ሥራው ባብዛኛው ክብደቱ ላይ ያተኩራል።

ማመጣጠን የሚደገመው ክንፍ፣ እምብርት፣ ፒች ሊንክ ወይም ዳምፐር በተቀየረ ቁጥርና አብራሪው አዲስ ንዝረት ባስመዘገበ ጊዜ ነው። ሥራው ሲያልቅ በየክንፉ ላይ ያለው ክብደት በግራም፣ የመጨረሻው ንዝረት በቁጥርና በሰዓት አቅጣጫው በሄሊኮፕተሩ የጥገና መዝገብ ላይ ይሰፍራል፤ የሚቀጥለው ቴክኒሻን ልኬቱን የሚጀምረው ከዚያ ቁጥር ነው።