ለገሃርና የጆሮ ትምህርት

ሰው ወደ ሌላ አገር ለሥራ በታዘዘ ጊዜ ልብሱንና ስንቁን ያሰናዳል፤ የአገሩን ቋንቋ ግን ከደረስሁ በኋላ እማረዋለሁ ብሎ ይተወዋል። ይህ ስሕተት መሆኑን ከምድር ባቡራችን ታሪክ ለመረዳት እንችላለን።

ዳግማዊ አጤ ምኒልክ በ1886 ዓ.ም. የምድር ባቡር ሥራ ፈቃድ ለስዊሳዊው ለሙሴ አልፍሬድ ኢልግ ሰጡ። ሐዲዱም ከጅቡቲ ተነሥቶ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ፥ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ደረሰ፤ ርዝመቱም 784 ኪሎ ሜትር ያህል ነበረ። ሥራው በፈረንሳዮች ይመራ ስለ ነበረ ቋንቋውም ፈረንሳይኛ ሆነ።

በሐረር ልጅ ተፈሪ መኰንን፥ በኋላ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ፥ ፈረንሳይኛን ከዶክተር ቪታሊየንና ከአባ ሳሙኤል ተምረዋል። በሐዲዱ ዳር ለሚሠራው ሕዝብ ግን እንዲህ ያለ መምህር ከየት ይገኝለታል? መምህሩ ጆሮው ነበረ። ለዚህም ምስክራችን «ለገሃር» የሚለው ስም ነው። በፈረንሳይኛ «ጋር» የባቡር ጣቢያ ማለት ሲሆን «ላ» ከስሙ በፊት የምትገባ መስተአምር ናት። ሕዝቡ ሁለቱን ሳይለይ እንደ ሰማው በአንድነት ያዘው። መጽሐፍ ያየ ሰው ይለያቸው ነበር፤ ነገር ግን ጆሮ የያዘው ቃል ይኸው እስከ ዛሬ አልጠፋም።

እንግዲህ በአጭር ጊዜ ለመናገር የሚሻ ሰው፥ ሰዋስውን ከመዘርዘሩ አስቀድሞ ሙሉውን አነጋገር እንደ ሰማው ደጋግሞ መያዝ ይጠቅመዋል። ሆኖም ጆሮ የሚይዘው የተነገረውን ብቻ ነው። ትእዛዝ ብቻ የሚሰማ ሰው ትእዛዝን ብቻ ይማራል፤ «እሺ» ማለትን ያውቃል፥ «ለምን» ማለትን ግን አያውቅም። እንዲህ ያለው ሰው ያልገባውን ወረቀት ይፈርማል፤ ደመወዙ ቢጎድልም ለመጠየቅ አፍ የለውም።

ይህ ነገር ያለፈ ታሪክ ብቻ አይደለም። ከ1933 ዓ.ም. በኋላ በትምህርት ቤቶቻችን እንግሊዝኛ የፈረንሳይኛን ስፍራ ወሰደ። በ1969 ዓ.ም. ነፃነቷን ያገኘችው ጅቡቲ ግን ፈረንሳይኛንና ዓረብኛን የመንግሥት ቋንቋ አድርጋለች። አብዛኛው የባሕር ንግዳችን በእርስዋ ወደብ ያልፋል፤ በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው አዲሱ ባቡርም ወደዚያው ያመራል። ስለዚህ ወደዚያ የሚታዘዘው ሠራተኛ ከእንግሊዝኛው ሌላ ስንቅ ያስፈልገዋል።

ከሁሉ አስቀድሞ ጥያቄን ይማር፦ «ኮምብየን» ስንት ነው፥ «ፑርኳ» ለምን፥ «ረፔቴ ሲል ቩ ፕሌ» እባክዎ ይድገሙልኝ። «ቱ» እንደ አንተ፥ «ቩ» እንደ እርስዎ መሆኑንም ይወቅ፤ ሹሙን አንተ ብሎ እንዳይጠራ። ቁጥሩንም ያጥና፤ ፈረንሳይ 80ን «ካትር ቫን»፥ ማለት አራት ሃያ፥ ብሎ ይቈጥራልና በሒሳብ እንዳይሳሳት።

አባቶቻችን ያለ መምህር በጆሮአቸው ይህን ያህል ከያዙ፥ እኛ ጊዜና መጽሐፍ ሳለን ባዶ እጃችንን መሄድ አይገባንም። መልስ መስጠት ለአገልጋይነት ይበቃል፤ መብቱን የሚያስከብረው ግን መጠየቅ የቻለ ነው።