የጌም ማጫወቻን ሃርድ ዲስክ ወደ ኮምፒዩተር መገልበጥ፤ ሣጥኑ የእርስዎ፣ ቁልፉስ?

በፕሌይስቴሽን 3 ውስጥ ያለው ሃርድ ዲስክ ለዚያ ማጫወቻ ተብሎ በልዩ ሁኔታ የተሠራ ዕቃ አይደለም፡፡ በማንኛውም የኮምፒዩተር መለዋወጫ ሱቅ የሚገኝ፣ ለላፕቶፕ የሚሆን ባለ 2.5 ኢንች ሳታ ዲስክ ነው፡፡ ሽፋኑን ከፍቶ ጥቂት ብሎን መፍታት ለሚችል ሰው ዲስኩን ማውጣት የደቂቃዎች ሥራ ነው፡፡ ስለዚህም ብዙ ሰው "አውጥቼ ኮምፒዩተር ላይ ሰክቼ ያለውን ሁሉ ብገለብጠውስ?" ብሎ ቢያስብ አይፈረድበትም፡፡

ችግሩ የሚመጣው ከተሰካ በኋላ ነው፡፡ ኮምፒዩተሩ ዲስክ መሰካቱን ያውቃል፤ በውስጡ ያለውን ግን ማንበብ አይችልም፡፡ ዊንዶውስ ዲስኩን እንደ አዲስና ባዶ ዕቃ ይቆጥርና "ኢኒሻላይዝ ይደረግ?" ወይም "ፎርማት ይደረግ?" የሚል ጥያቄ ያቀርባል፡፡ እዚህ ላይ እሺ ማለት አይገባም፡፡ እሺ ያለ ሰው ሊያድነው የመጣውን ነገር በገዛ እጁ አደጋ ላይ ጣለ ማለት ነው፡፡

ለመሆኑ የሚድነው ነገር ምንድን ነው? ጨዋታው ራሱ አይደለም፡፡ በብሉ ሬይ ዲስክ የተገዛ ጨዋታ እንደገና ሊጫን ይችላል፡፡ ተመልሶ የማይገኘው ተጫዋቹ የደረሰበት ደረጃ፣ በተለምዶ "ሴቭ" የምንለው ነው፡፡ በፕሮ ኢቮሉሽን ሶከር ማስተር ሊግ አንድ ደካማ ቡድን ይዞ የተነሣ ልጅ፣ ተጫዋች እየሸጠና እየገዛ ከዓመታት የጨዋታ ዘመን በኋላ ዋንጫ ላይ ሲደርስ፣ ያ ሁሉ ድካም የተቀመጠው ጥቂት ሜጋባይት በምትሆን አንዲት ፋይል ውስጥ ነው፡፡ ለአዋቂ ሰው ቀልድ ሊመስል ይችላል፡፡ ልጁን ግን ይጠይቁት፡፡ በዚህ ላይ ብዙ ቤተሰብ ፕሌይስቴሽን 3ን ለፎቶግራፍና ለቪዲዮ ማስቀመጫም ተጠቅሞበታል፡፡ የልደትና የሠርግ ቪዲዮ ከጨዋታው ጎን ተቀምጦ ይገኛል፡፡

እንግዲህ ኮምፒዩተሩ ለምን አያነብም ወደሚለው እንግባ፡፡ ምክንያቱ ሁለት ነው፤ አንዱ ቀላል ሌላው ከባድ፡፡ ቀላሉ የፋይል አደራደሩ ነው፡፡ የጌም ማጫወቻዎች ዊንዶውስ የማያውቀውን የራሳቸውን አደራደር ይጠቀማሉ፡፡ ይህ ብቻ ቢሆን ኖሮ ተገቢውን ሶፍትዌር በመጫን ይፈታ ነበር፡፡ ከባዱ ግን ምሥጢራዊ አጻጻፉ ነው፡፡ ፕሌይስቴሽን 3 በዲስኩ ላይ የሚጽፈውን ሁሉ በራሱ ቁልፍ እየቆለፈ ነው የሚጽፈው፡፡ ቁልፉ ለእያንዳንዱ ማጫወቻ የተለያየ ሲሆን የሚቀመጠውም በዲስኩ ላይ ሳይሆን በማጫወቻው ውስጥ ነው፡፡ በአንድ ቀን፣ ከአንድ ሱቅ የተገዙ ሁለት ማጫወቻዎች እንኳ አንዱ የሌላውን ዲስክ መክፈት አይችሉም፡፡ ወደ ሌላው የገባው ዲስክ ፎርማት ካልተደረገ በቀር አይሠራም፡፡

ነገሩ አዲስ አይደለም፡፡ እ.ኤ.አ. በ2001 ለገበያ የቀረበው የመጀመሪያው ኤክስቦክስ 8 ጊጋባይት የሚይዝ ተራ የኮምፒዩተር ዲስክ ነበረው፤ ይሁን እንጂ ዲስኩ በይለፍ ቃል የተቆለፈ ነበር፡፡ የይለፍ ቃሉ መነሻም በማጫወቻው ሰሌዳ ላይ ባለች ትንሽ ቺፕ ውስጥ ተቀምጧል፡፡ ሐሳቡ ከዚያ ጀምሮ አንድ ነው፤ ዲስክ ያለ ማጫወቻው ብረት ነው፡፡

ከዚህ የሚከተለውን ብዙዎች የሚረዱት ከዘገየ በኋላ ነው፡፡ በኮምፒዩተር ላይ የዲስኩን ሙሉ ግልባጭ፣ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በምስል መልክ መውሰድ ይቻላል፡፡ ዲስኩ እየደከመ፣ እየተንቋቋ፣ ማጫወቻው ግን ደህና ከሆነ ይህ ዘዴ ይጠቅማል፡፡ ምስሉን በአዲስ ዲስክ ላይ ጽፎ ወደዚያው ማጫወቻ መመለስ ይቻላልና፡፡ የሞተው ማጫወቻው ከሆነ ግን ምስሉ ማንም የማይከፍተው ሣጥን ነው፡፡ በእጅዎ ያለው እያንዳንዱ ፊደል ትክክል ነው፤ አንዱም አይነበብም፡፡

ስለዚህ መጠባበቂያው፣ ባክአፕ የምንለው፣ መሠራት ያለበት ማጫወቻው በሕይወት እያለ በራሱ በማጫወቻው ነው፡፡ የኮምፒዩተሩ ድርሻ ከዚያ በኋላ ነው የሚጀምረው፡፡

በፕሌይስቴሽን 3 ሁለት መንገድ አለ፡፡ የመጀመሪያው እያንዳንዱን ሴቭ ለየብቻው መገልበጥ ነው፡፡ ፍላሽ ሰክተው በጌም ረድፍ ውስጥ "ሴቭድ ዳታ ዩቲሊቲ" የሚለውን ይከፍታሉ፡፡ የፈለጉት ሴቭ ላይ ሆነው የሦስት ማዕዘን ምልክት ያለበትን ይጫኑና "ኮፒ" ይላሉ፡፡ ፍላሹን ኮምፒዩተር ላይ ሲሰኩት "ፒኤስ3" የሚል ፎልደር፣ በውስጡም "ሴቭዳታ" የሚል ሌላ ፎልደር ያገኛሉ፡፡ ይህን እንዳለ ወደ ኮምፒዩተሩ መገልበጥ ነው፡፡ ውስጡን መነካካት፣ ስም መቀየር አያስፈልግም፡፡ ፎቶግራፍ፣ ሙዚቃና በራስዎ የገባ ቪዲዮም በተመሳሳይ መንገድ ወደ ፍላሽ ይወጣል፤ እነዚህ በኮምፒዩተሩ ላይ እንደ ማንኛውም ፋይል ይከፈታሉ፡፡ እኔ ብጠየቅ መጀመሪያ የማወጣው እነርሱን ነው፡፡

ይህ መንገድ አንድ ጉድለት አለው፡፡ አንዳንድ የጨዋታ አምራቾች ሴቩ እንዳይገለበጥ ይከለክላሉ፡፡ "ኮፒ" የሚለው ምርጫ ጨርሶ አይሠራም፡፡ ሰው በራሱ ጊዜና በራሱ ጣት የሠራውን ነገር እንዳያወጣ የሚከለከልበት ምክንያት አሳማኝ ሆኖ አግኝቼው አላውቅም፡፡

ሁለተኛው መንገድ ሙሉ ባክአፕ ነው፡፡ በሴቲንግስ፣ ሲስተም ሴቲንግስ ውስጥ "ባክአፕ ዩቲሊቲ" የሚል አለ፡፡ ለዚህ በዩኤስቢ የሚሰካ ሃርድ ዲስክ ያስፈልጋል፡፡ ዲስኩም በፋት 32 ፎርማት የተደረገ መሆን አለበት፤ ፕሌይስቴሽን 3 ኤንቲኤፍኤስ የሚባለውን የዊንዶውስ ፎርማት አያውቅም፡፡ የዊንዶውስ የተለመደው የፎርማት መስኮት ደግሞ ለረጅም ዓመታት ከ32 ጊጋባይት በላይ የሆነን ዲስክ በፋት 32 ፎርማት አላደርግም ሲል ስለኖረ፣ ሰው ሁሉ ዲስኩ ተበላሽቷል ብሎ ይደነግጣል፡፡ አልተበላሸም፤ ለዚሁ ሥራ የተዘጋጁ ነፃ ሶፍትዌሮች አሉ፡፡ ሥራው እንደ ዳታው ብዛት ሰዓታት ሊወስድ ይችላል፡፡ መብራት በመካከሉ ቢጠፋ የተጀመረው ባክአፕ አያገለግልም፡፡ በእኛ ከተማ ይህን ሥራ ያለ ዩፒኤስ መጀመር ድፍረት ነው፡፡

ባክአፑ ሲያልቅ የተገኘውን ፎልደር ወደ ኮምፒዩተር መገልበጥና ማስቀመጥ ይቻላል፡፡ ነገር ግን ሦስት ነገሮችን ማወቅ ያስፈልጋል፡፡ ባክአፑ ሲመለስ በማጫወቻው ላይ በዚያን ጊዜ ያለው ሁሉ ይጠፋል፤ ስለዚህ "እስቲ ልሞክረው" ተብሎ የሚሞከር ነገር አይደለም፡፡ ትሮፊ የሚባሉት ሽልማቶች በባክአፑ ውስጥ አይገቡም፤ አስቀድሞ በኢንተርኔት ከሶኒ ሰርቨር ጋር ማመሳሰል ይጠይቃሉ፡፡ ከሁሉም የሚብሰው፣ ባክአፑ ወደ ሌላ ፕሌይስቴሽን 3 ቢመለስ ኮፒ የተከለከሉት ሴቮች አብረው አይመለሱም፡፡ ማለትም በመጀመሪያው መንገድ ያልወጣው ሴቭ በሁለተኛውም የሚድነው ለዚያው ማጫወቻ ብቻ ነው፡፡ ሁለት ማጫወቻዎች በእጃቸው ያሉ ሰዎች ሁለቱን በኔትወርክ ኬብል አገናኝተው በ"ዳታ ትራንስፈር ዩቲሊቲ" ማዛወር ይችላሉ፡፡ ይህም ቢሆን ሁለቱም የሚሠሩ መሆን አለባቸው፡፡

ዲስኩን በትልቅ ለመቀየር የሚፈልግ ሰው ሙሉ ባክአፕ ከወሰደ በኋላ የሲስተሙን ፋይል ከሶኒ ድረ ገጽ አውርዶ በፍላሽ መያዝ አለበት፡፡ ፋይሉ የሚቀመጠው "ፒኤስ3" በሚል ፎልደር ውስጥ ባለ "አፕዴት" ፎልደር ነው፡፡ አዲሱ ዲስክ ሲገባ ማጫወቻው ይህን ይጠይቃልና፡፡

ኤክስቦክስ 360 በዚህ ረገድ የተለየ ጠባይ ነበረው፡፡ እ.ኤ.አ. በ2005 ሲወጣ ዲስኩ በራሱ ቀፎ ውስጥ ሆኖ ከማጫወቻው ጎን የሚነቀል ነበር፡፡ በዲስኩ ላይ ያለው ዳታ በማጫወቻው ቁልፍ አልተቆለፈም፤ ፋይሎቹ የፊርማ ማኅተም ብቻ ነው ያለባቸው፡፡ ይህ ልዩነት በተግባር ታይቷል፡፡ ማጫወቻዎቹ በፊታቸው ላይ ቀይ መብራት እያበሩ በብዛት ሲሞቱ፣ ማይክሮሶፍት እ.ኤ.አ. በጁላይ 2007 ዋስትናውን ወደ ሦስት ዓመት አራዝሞ ከአንድ ቢሊዮን ዶላር በላይ ወጪ መያዙን አስታወቀ፡፡ በዚያ መከራ ውስጥ ባለቤቱ ዲስኩን ነቅሎ በሌላ ኤክስቦክስ 360 ላይ ሲሰካው ሴቮቹን ያገኛቸው ነበር፡፡ በኢንተርኔት የተገዙት ጨዋታዎች ግን ከአካውንቱና ከመጀመሪያው ማጫወቻ ጋር የታሰሩ ስለነበሩ ፈቃዱን ማዛወር የሚባል ሌላ ጣጣ ነበረባቸው፡፡ ፕሌይስቴሽን 3 የሞተበት ሰው ይህም ዕድል አልነበረውም፡፡

ማይክሮሶፍት የሸጠው የማዛወሪያ ኬብል ዳታን ከአንድ የኤክስቦክስ ዲስክ ወደ ሌላ የሚያሻግር እንጂ ለኮምፒዩተር ባክአፕ የታሰበ አልነበረም፡፡ እ.ኤ.አ. ከኤፕሪል 2010 ጀምሮ ግን ማጫወቻው ተራ ፍላሽ መቀበል ጀመረ፡፡ በስቶሬጅ ክፍል ገብቶ ሴቩንና የተጫዋቹን ፕሮፋይል ወደ ፍላሹ ማሻገር ይቻላል፡፡ ፕሮፋይሉን መተው አይገባም፤ ሴቩ የሚከፈተው በእርሱ ነው፡፡ በኮምፒዩተር ላይ ፋይሎቹ በተደበቀ ፎልደር ውስጥ ስለሚሆኑ የተደበቁ ፋይሎችን የማሳየት ምርጫ መብራት አለበት፡፡

በአዲሶቹ ላይ ብዙ አልቆይም፡፡ ፕሌይስቴሽን 4 ሴቭን ወደ ፍላሽ ይገለብጣል፣ ሙሉ ባክአፕም ይወስዳል፤ ከፋት 32 ሌላ ኤክስፋትንም ያውቃል፡፡ እ.ኤ.አ. በ2020 የወጣው ፕሌይስቴሽን 5 ግን ወደ ኋላ ሄዷል፡፡ የራሱን የፕሌይስቴሽን 5 ጨዋታዎች ሴቭ አንድ በአንድ ወደ ፍላሽ መገልበጥ አይፈቅድም፤ ይህ የተፈቀደው ለፕሌይስቴሽን 4 ጨዋታዎች ብቻ ነው፡፡ የሚቀርበው አማራጭ ወርሃዊ ወይም ዓመታዊ ክፍያ የሚጠየቅበት የሶኒ የኢንተርኔት ማስቀመጫ ነው፡፡ ኢትዮጵያ ደግሞ የፕሌይስቴሽን ኔትወርክ በይፋ ከሚሠራባቸው አገሮች መካከል አይደለችም፡፡ እዚህ ያለው ተጫዋች አካውንቱን በሌላ አገር ስም ከፍቶ ክፍያውን በሰው በኩል እየፈጸመ ነው የሚኖረው፡፡ የዚህ ሰው ባክአፕ በቀጭን ክር ላይ የተንጠለጠለ ነው፡፡ በአንጻሩ ከኤክስቦክስ ዋን ጀምሮ ያሉት ኤክስቦክሶች ሴቩን ያለ ክፍያ በኢንተርኔት ያስቀምጣሉ፡፡

ሕጉስ ምን ይላል? በአገራችን የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የኮምፒዩተር ፕሮግራምን ቅጂ በሕጋዊ መንገድ የያዘ ሰው የጠፋውን ወይም የተበላሸውን ለመተካት የሚሆን የመጠባበቂያ ቅጂ እንዲያዘጋጅ ይፈቅዳል፡፡ ለሕግ ሰው ይህ ደስ የሚል ንባብ ነው፡፡ ይሁን እንጂ መፍቀድ ሌላ፣ ማስቻል ሌላ፡፡ አዋጁ ቅጂ መውሰድን ስለፈቀደ አምራቹ ቁልፉን እንዲሰጥ ይገደዳል ማለት አይደለም፡፡ በአሜሪካ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1998 የወጣው የዲጂታል ቅጅ መብት ሕግ መቆለፊያውን መስበርን ራሱን የቻለ ጥፋት አድርጎታል፡፡ ጆርጅ ሆትዝ የተባለው ወጣት ከፕሌይስቴሽን 3 ዋና ቁልፎች አንዱን ይፋ በማድረጉ ሶኒ እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2011 ከስሶት፣ ጉዳዩ በዚያው ዓመት በስምምነት ተዘግቷል፡፡

ከዚያ በፊት ሶኒ ራሱ ገዢውን ያሳዘነበት ነገር ነበር፡፡ የመጀመሪያዎቹ ፕሌይስቴሽን 3ዎች ሊኑክስ ተጭኖባቸው እንደ ኮምፒዩተር ያገለግሉ ነበር፡፡ እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 1 ቀን 2010 በወጣው የሲስተም ማሻሻያ ይህ አገልግሎት ተነሣ፡፡ በሊኑክሱ ክፍል ዳታ የነበራቸው ሰዎች ከማሻሻላቸው በፊት እንዲያወጡ ተነገራቸው፡፡ ማሻሻያውን አልቀበልም ያለ ደግሞ ከፕሌይስቴሽን ኔትወርክ ውጪ ሆነ፡፡ በአሜሪካ የቡድን ክስ ቀርቦ ከዓመታት ክርክር በኋላ በካሳ ስምምነት አልቋል፡፡ ገዝቶ ወደ ቤቱ የወሰደው ዕቃ ከገዛ በኋላ በሻጩ የሚቀነስበት ሰው በውል ሕግ መጽሐፍ ውስጥ ራሱን የት ያገኘዋል? ይህን ለተማሪዎች ፈተና ባወጣው ደስ ይለኛል፡፡

የጊዜው ጉዳይም አለ፡፡ የኤክስቦክስ 360 የኢንተርኔት መደብር እ.ኤ.አ. ጁላይ 29 ቀን 2024 ለአዲስ ግዢ ተዘግቷል፡፡ ሶኒም እ.ኤ.አ. በ2021 የፕሌይስቴሽን 3ን መደብር እዘጋለሁ ካለ በኋላ በተቃውሞ ምክንያት ሐሳቡን ለውጧል፡፡ ስለዚህ በኢንተርኔት የተገዛ ነገር ያለው ሰው ሰርቨሩ ሳለ አውርዶ በማጫወቻው ላይ ይጫነው፤ ሙሉ ባክአፑንም የሚወስደው ከዚያ በኋላ ይሁን፡፡

ሁለትና ሦስት ማጫወቻ የሚያሠሩ የፕሌይስቴሽን ቤቶች ደግሞ በእያንዳንዱ ማጫወቻ ላይ ቁጥር ለጥፈው፣ በኮምፒዩተር ላይ ያለውን የባክአፕ ፎልደር በዚያው ቁጥርና በተወሰደበት ቀን ቢሰይሙት ይበጃቸዋል፡፡ የቁጥር ሁለቱ ባክአፕ ለቁጥር ሦስቱ ሙሉ በሙሉ አይሆንም፤ ፎልደሮቹ ደግሞ ከውጭ ሲታዩ አንዱ ከሌላው አይለይም፡፡